ተጨማሪ መረጃ፦ ጅግራና ዶሮ በአንድ ግቢ

በሰሜን ጋናና በቡርኪና ፋሶ ገጠሮች ጅግራና ዶሮ በአንድ ግቢ አብረው ሲጭሩ ማየት የተለመደ ነው። ጅግራ የአፍሪካ ወፍ ናት፤ በኢትዮጵያም በዱር ትገኛለች።

የአካባቢው ገበሬዎች የጅግራን እንቁላል ብዙ ጊዜ የሚያስታቅፉት ለዶሮ ነው። እናት ጅግራ ጫጩቶቿን ጤዛ ባረጠበው ሣር ውስጥ ይዛ ስለምትዞር ብዙዎቹ በብርድ ይሞቱባታል። ዶሮ ግን በክንፏ ሥር ሰብስባ ታሞቃቸዋለች።

እዚህ ላይ የቀን ስሌት ወሳኝ ነው። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የጅግራው ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ሁለቱ በአንድ ቀን ከታቀፉ፣ ዶሮዋ ቀድመው የወጡትን ጫጩቶች ይዛ ስትነሳ የጅግራው እንቁላል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለአንዲት ታቃፊ አንድ ዓይነት እንቁላል ብቻ መስጠት ይሻላል።

መኖውም ይለያያል። የጅግራ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ24 እስከ 26 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል፤ ይህም ለዶሮ ጫጩት ከሚበቃው ይበልጣል። ጫጩቶቹ ውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሰምጡ የመጠጫው ዕቃ ጥልቀት ሊኖረው አይገባም።

ካደጉ በኋላ ጠብ ይነሳል። ወንድ ጅግራዎች፣ በተለይ በእርባታ ወቅት፣ አውራ ዶሮውን እያሳደዱ ከመኖው ያርቁታል። ሰፊ ግቢና ከአንድ በላይ መመገቢያ ገንዳ ግጭቱን ያበርዳሉ። በሌላ በኩል፣ ጅግራ ጭልፊት ስታይ የምታሰማው ጩኸት ዶሮዎቹንም ያስጠነቅቃል።

በሽታም ይጋራሉ። ፈንግል ሁለቱንም ስለሚያጠቃ፣ ዶሮዎቹ ሲከተቡ ጅግራዎቹም መታለፍ የለባቸውም።