የካትኒስ ድምፅ፦ በ«ሞኪንግጄይ» ውስጥ ያልተነገረው ምክንያት



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ኮሊንስ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2008 የጀመረችውን «የረሃብ ጨዋታ» የተሰኘ ተከታታይ ልቦለድ በ2010 በታተመው ሦስተኛ መጽሐፍ፣ በ«ሞኪንግጄይ»፣ ደምድማዋለች። ብዙ አንባቢዎች በዚህ መደምደሚያ ቅር ተሰኝተዋል፤ ቅሬታቸው ግን ወደ ቁም ነገሩ የሚያደርሰን ይመስለኛል።

ታሪኩን ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስታውስ። ፓኔም በተባለች ምናባዊት አገር ካፒቶል የተሰኘችው መናገሻ ከ12ቱ ወረዳዎች በየዓመቱ አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ እየወሰደች በቴሌቪዥን ፊት እርስ በርስ ታገዳድላለች። የአገሪቱ ስም ከላቲን የመጣና «እንጀራና ትርኢት» ከሚለው የሮማውያን አባባል የተወሰደ መሆኑን የምንረዳው በመጨረሻው መጽሐፍ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካትኒስ ኤቨርዲን ጠፍቷል ይባል በነበረው በ13ኛው ወረዳ ተጠግታ የአመፁ አርማ ትሆናለች። የወረዳው መሪ ፕሬዚዳንት ኮይን ናት።

አሁን ወደ ፓራሹቶቹ እንምጣ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ትንንሽ የብር ቀለም ፓራሹቶች ለተወዳዳሪዎቹ መድኃኒትና ምግብ ያወርዱ ነበር። በመጨረሻው መጽሐፍ እነዚያኑ የመሰሉ ፓራሹቶች በካፒቶል ልጆች ላይ ይወርዳሉ፤ ልጆቹም ስጦታ መስሏቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከፊሎቹ ይፈነዳሉ። የሕክምና ረዳቶች ለእርዳታ ሲሮጡ የቀሩት ይፈነዳሉ፤ ከረዳቶቹ መካከል የካትኒስ ታናሽ እኅት ፕሪም ትሞታለች። አዳኝን ጭምር የሚያጠምደውን ይህን ስልት ቀደም ብሎ ሲነድፍ ያየነው የካትኒስን የአደን ጓደኛ ጌልን ነው። ቦምቡን የጣለው ግን ማን ነው? የተሸነፈው ፕሬዚዳንት ስኖው ኮይንን ይወነጅላል፤ ጌል ራሱ አያውቅም። መጽሐፉ ማስረጃ አይሰጠንም።

ከድሉ በኋላ ኮይን በሕይወት የቀሩትን 7 የጨዋታው አሸናፊዎች ሰብስባ፣ በካፒቶል ልጆች ላይ አንድ የመጨረሻ የረሃብ ጨዋታ ይካሄድ እንደሆነ ድምፅ ታሰጣለች። ፒታ፣ አኒና ቢቲ ይቃወማሉ፤ ጆሐና እና ኢኖባሪያ ይደግፋሉ። ካትኒስ የእኅቷን ስም ምክንያት አድርጋ ትደግፋለች፤ ሄይሚችም እርሷን ይከተላል። ሐሳቡ በ4 ለ3 ያልፋል። ካትኒስ ግን ስኖውን እንድትገድል በተሰጣት ቀን ቀስቷን አዙራ ኮይንን ትገድላለች።

እዚህ ላይ የትረካውን አንጻር ልብ እንበል። ሦስቱም መጻሕፍት በአንደኛ መደብ፣ በአሁን ጊዜ የተተረኩ ናቸው፤ የካትኒስን ረሃብ፣ ቅናትና ፍርሃት አንድም ሳይቀር ሰምተናል። በዚህች ወሳኝ ቅጽበት ግን ተራኪዋ በሯን ትዘጋብናለች። አንዳንዶች የኮይንን እምነት ለማግኘት የሰጠችው የማታለያ ድምፅ ነው ይላሉ፤ የመጀመሪያው ጨዋታም በእንዲህ ያለ ስብሰባ ተወስኖ ይሆን ብላ ማሰቧ ይህን ንባብ ያግዛል። እኔም ወደዚህ አደላለሁ፤ ቢሆንም ንባቡ ለእኛ ለአንባቢዎች ከልክ በላይ ይመቻል። የወደድናትን ልጅ ንጹሕ አድርጎ ያስቀርልናልና። ኀዘኗ እውነተኛ ነው፤ በቀልም ሊሆን የሚችልበት በር አልተዘጋም።

ከግድያው በኋላ የፍርድ ሂደቱ እርሷ በሌለችበት ይካሄዳል። ሐኪሟ አእምሮዋ የታወከ መሆኑን ያስረዳል፤ ወደ ትውልድ ወረዳዋም ትመለሳለች። ስለዚያ ድምፅ ቃሏን የሚቀበል ዳኛ አላገኘችም፤ በመዝጊያው ምዕራፍም፣ ዓመታት አልፈው ልጆቿ የጅምላ መቃብር በነበረው መስክ ላይ ሲጫወቱ እየተመለከተች፣ ጉዳዩን አታነሣውም።