ፒችትሪ የሚሠሩ ሰዎች ለምን ይሰበሰቡ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የዱቄት ፋብሪካ ሂሳብ ሠራተኛ፣ የሆቴል ሂሳብ ሹም እና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሂሳብ ያዥ መንገድ ላይ ከመተላለፍ በቀር ላይተዋወቁ ይችላሉ። ሦስቱም ግን ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ሲያበሩ የሚከፍቱት ያንኑ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም በአገራችን የንግድ ሥራ ውስጥ ያን ያህል ሥር ሰዷል። የተጠቃሚዎች ስብሰባ የሚባለው እንዲህ ያሉ ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ የሚያገናኝ ነው። ሥልጠና አይደለም፤ አሠልጣኝና ሠልጣኝ የለውም። የሻጭ ማስተዋወቂያም አይደለም። ተሰብሳቢዎቹ በየቢሯቸው ለብቻቸው የደከሙበትን ነገር እያወጡ የሚያሳዩበትና የሌላውን የሚያዩበት መድረክ ነው።

ልማዱ የኮምፒውተርን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ሎስ አንጀለስ አካባቢ የነበሩ የአይቢኤም ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ሼር የሚባል ማኅበር መሠረቱ። አብዛኞቹ የአውሮፕላን ፋብሪካ ባለሙያዎች ነበሩ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ እያንዳንዱ ድርጅት አንድ ዓይነት ፕሮግራም ለየብቻው እየጻፈ ገንዘብና ጊዜ ያባክን ነበር። ተፎካካሪዎች ሆነው ሳለ የጻፉትን መለዋወጥ ጀመሩ፤ ለአይቢኤምም የሚፈልጉትን በአንድ ድምፅ ይነግሩት ጀመር። ሼር ዛሬም አለ።

ለእኛ የተለየ ምክንያት ይጨመርበታል። ፒችትሪ የተሠራው አሜሪካ፣ አትላንታ ነው፤ በኋላ የእንግሊዙ ሴጅ ገዝቶ ሴጅ 50 ብሎታል። ፕሮግራሙን የተማረ ሁሉ ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ የሚባለውን የመለማመጃ ድርጅት ያውቀዋል፤ የአሜሪካ የአትክልት ዕቃ መደብር ነው። ከዚያ ተነስቶ ጤፍ በኩንታል እስከሚገዛ፣ ዓመቱን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 እስከሚዘጋ ድርጅት ድረስ ያለውን ርቀት የሚሞላው ተጠቃሚው ራሱ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን ብቻ እንይ። ፒችትሪ በዓመት እስከ 13 የሂሳብ ወቅት ይፈቅዳል፤ ለጳጉሜን ቦታ ይገኛል ማለት ነው። ቀኖቹ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላሉ፦ ሐምሌ ከጁላይ 8፣ ነሐሴ ከኦገስት 7፣ ጳጉሜን ከሴፕቴምበር 6፣ መስከረም ከሴፕቴምበር 11። ብዙ ሰው ይህን አንዴ ካስተካከለ በኋላ በየዓመቱ ያንኑ ይገለብጣል። ሦስት ዓመት ምንም አይገጥመውም። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሻገራል፤ ይህ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደርሷል፤ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻም ይደርሳል። የድሮውን ቀን የገለበጠ ሰው የመስከረም 30 ሽያጩ ጥቅምት ውስጥ ይገባበታል፤ የየወሩ የመጨረሻ ቀን እየተንሸራተተ እስከ ጥር መጨረሻ ይዘልቃል፤ ከመጋቢት 1 ጀምሮ ቀኖቹ እንደገና ይገጥማሉ። የቫት ማስታወቂያው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ሲል አንድ ቀን መሆኑን ለማግኘት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ከዚህ በፊት ያለፈበት ሰው አጠገብዎ ቢቀመጥ ግን የአምስት ደቂቃ ነገር ነው።

ደመወዝም እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ እርከኖቹም ተቀየሩ። በድሮው ስሌት 5,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 500 ብር ነው። ፒችትሪ የኢትዮጵያን አዋጅ አያውቅም። የግብር ቀመሩን በፕሮግራሙ የደመወዝ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚጽፈው ሂሳብ ሠራተኛው ነው፤ አንድ ቅንፍ ቢሳሳት ስህተቱ በሠራተኛው ሁሉ ኪስ ላይ ያርፋል። በየቢሮው ያለ ሰው ለየብቻው ከሚጽፈው ይልቅ አንዱ የጻፈውን ሌሎች በእጅ አስልተው ቢያመሳክሩት ለሁሉም ይበጃል። እኔ ከእንዲህ ያለ ስብሰባ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

የአካባቢያችንም የራሱ ጣጣ አለ። ጎጃም ውስጥ ማዳበሪያ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለገበሬው የሚደርሰው ክረምት ሲገባ ነው፤ ሰኔ 30 ደግሞ የሂሳብ መዝጊያ ነው። ስለዚህ በቆጠራው ዕለት ከፊሉ ጆንያ መጋዘን፣ ከፊሉ መኪና ላይ፣ ከፊሉ ቀበሌ ደርሶ ያልተወራረደ ይሆናል። ሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ሞዴል 19 ገና ያልተቆረጠለት ዕቃ የማን ነው? በፕሮግራሙ ውስጥ «በመንገድ ላይ ያለ» የሚል የዕቃ መለያ ይከፈትለት ወይስ በጆርናል ይያዝ? የደጀን፣ የሞጣ፣ የቢቸና ሰዎች አብረው ቢቀመጡ መልሱን ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከሥራቸው ያመጡታል።

በመንግሥት ቢሮ የሚሠሩትንም እንዲህ ያለው መሰባሰብ ይመለከታቸዋል። ወረዳዎች የለመዱት አይቤክስ የተባለው የበጀትና የሂሳብ ፕሮግራም የመጣው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይመራ በነበረ የማሻሻያ ፕሮጀክት ነው። ያ ፕሮጀክት የሂሳብ አያያዙን ከነጠላ ወደ ድርብ ምዝገባ ሲያሸጋግር በየክልሉ ብዙ ሠራተኛ አሠልጥኗል። አብረው የሠለጠኑ ሰዎች ሲቸግራቸው ይደዋወላሉ፤ ብቻውን የተማረ የሚደውልለት ሰው የለውም።

ሌላው ችግር ድጋፍ ነው። ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙት ያለ ፈቃድ የተቀዳ ፕሮግራም ስለሆነ ለአምራቹ ደውለው መጠየቅ አይችሉም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ደግሞ መልስ ከኢንተርኔት መፈለግም አስቸጋሪ ነበር። ያን ጊዜ ሥራውን ያቆየው በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ፕሮግራምና ጎረቤት ያለ የሙያ ጓደኛ ነው። ሂሳቡን ሙሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ላዛውር የሚል ድርጅት ይህን አስቀድሞ ሊያወራበት ይገባል።

ለመሄድ ካሰቡ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። «ፕሮግራሙ አስቸገረኝ» የሚል ጥያቄ መልስ አያገኝም፤ «ወር ልዘጋ ስል ይህን ጽሑፍ ያመጣል» የሚል ያገኛል። የስህተቱን መልእክት ቃል በቃል ይጻፉ፤ የየትኛው ዓመት ፒችትሪ እንደሆነም ያስታውሱ፤ ባንዱ የሚሠራው በሌላው ላይሠራ ይችላል። የድርጅትዎን እውነተኛ ፋይል ግን በፍላሽ ይዘው አይውጡ። የደንበኛ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደመወዝ የእርስዎ ምስጢር አይደለም። ቤልዌዘር ላይ ወይም ራስዎ በከፈቱት የይስሙላ ድርጅት ላይ ችግሩን ደግመው ይሥሩትና እሱን ያሳዩ። ፍላሹም ከብዙ ኮምፒውተር ጋር ስለሚገናኝ ተመልሰው ሳያጸዱ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር አያገናኙት። ከስብሰባው አንድ ነገር ተምረው ሲመለሱ በመጀመሪያ ባክአፕ ይያዙ፤ ከዚያ ይሞክሩ።

አለቃዎን አበል ሲጠይቁ የሚፈቱትን ችግር ስም ጠርተው ይጠይቁ። ስትመለስ ምን ይዘህ መጣህ ለሚልዎት ደግሞ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይበቃል፤ ያቺ ገጽ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ሂሳብ ሠራተኛም ትቆየዋለች።

ጠሪ ከሌለ ጠሪ መሆን ይቻላል። ስምንት ሰው፣ አንድ ፕሮጀክተር እና የግማሽ ቀን ጊዜ በቂ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ መምህራን ቢጠየቁ ተማሪዎቻቸው ሊያውቁት የሚገባ ሥራ ነውና የሚጠቅማቸው ይመስለኛል። ቀኑ ከሰኔና ከሐምሌ ግርግር ይራቅ፤ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ይሻላል። የ2020 በጀት ዓመት ወቅቶችን ሁሉም በአንድ ልክ እንዲሞላ ከተፈለገ ደግሞ ቀኖቹ ተቆጥረው መታደል ያለባቸው ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ዓ.ም. በፊት ነው።