መብራት ሲጠፋ በቤት ውስጥ ያለ የባሕር ዓሣ ገንዳ፦ ከሙቀት በፊት አየር
(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ትምህርታዊ ገለጻ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ አዲስ አበባ፣ በቤቴ ሳሎን ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ ገንዳ ነበረኝ። በአንድ የክረምት ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የፈራሁት ብርዱን ነበር። ተነሥቼ የገንዳውን ክዳን አጥብቄ ገጠምኩ፤ ከላይ እስከ ታች በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፤ በቤት የነበረችውን አነስተኛ ባትሪም ለማሞቂያው ሰጥቼ ተመልሼ ተኛሁ። ሲነጋ ገልጬ ሳየው የውኃው ሙቀት ብዙም አልወረደም፤ ዓሦቹ ግን አንድም ሳይተርፍ ሞተዋል። ይህ ለብዙ ዘመን ስለ ውኃ ውስጥ ሕይወት ሲያስተምር የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ የሠራው ስሕተት ነው። የዛሬው ገለጻዬም የዚያ ስሕተት ትንታኔ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አራት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ፣ ማጣሪያው፣ ማሞቂያውና መብራቱ። ጉዳታቸው ግን እኩል አይፈጥንም። የኦክስጅን እጥረት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ቅዝቃዜ በዝግታ ይመጣል። የአሞኒያ ክምችት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀጥሎ የሚታይ ችግር ነው። ጤነኛ ኮራል ያለ ብርሃን፣ ጤነኛ ዓሣም ያለ ምግብ ጥቂት ቀናት መቆየት ይችላሉ። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ነበር፤ ከሁለተኛው አደጋ ስከላከል ለመጀመሪያው በር ከፈትኩ።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሊትር ጨው አልባ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 8.3 ሚሊግራም ያህል ነው። በዚያው ሙቀት፣ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያለበት የባሕር ውኃ ግን የሚይዘው 6.7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ጨው የኦክስጅንን ሟሚነት ይቀንሳልና። በዚህ ላይ እኛ የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ያለ የባሕር ውኃ ገንዳ ፓምፑ በሚገባ እየሠራ እንኳ ከ5 ሚሊግራም እምብዛም አያልፍም።

እንግዲህ 200 ሊትሩን በ5 ሚሊግራም አባዙት፤ 1,000 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ ግራም ይሆናል። በገንዳው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሙሉ አንድ ግራም ነው! ዓሦቹ ደግሞ ያን ሁሉ አሟጠው መጠቀም አይችሉም። የመታፈኛው ወለል በሊትር 2.5 ሚሊግራም ነው ብለን ብንነሣ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ተመሳሳይ ገንዳ ከወለሉ በላይ 840 ሚሊግራም መጠባበቂያ ሲኖረው፣ የእኛው ያለው 500 ሚሊግራም ብቻ ነው። ጠቅላላው ክምችት በሩብ ሲያንስ፣ ለማዳን የቀረልን ጊዜ በ40 በመቶ ያጥራል ማለት ነው። ዓሦቹ፣ ባክቴሪያዎቹና በድንጋዩ ላይ ያሉት ሕያዋን ሁሉ ተደምረው በሰዓት 150 ሚሊግራም ቢጠቀሙ፣ ከአየር የሚተካ ከሌለ መጠባበቂያው አራት ሰዓት አይሞላም። በባሕር ማዶ ለሚኖሩ አርቢዎች የተጻፈን የሰዓት ስሌት እንዳለ ወስደን ልንጠቀምበት የማንችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሊቱም የራሱ ክብደት አለው። ቀን ቀን አልጌዎችና በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ አልጌዎች ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ በጨለማ ግን እነርሱም ተጠቃሚዎች ይሆናሉ። የገንዳው ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ሊነጋጋ ሲል ነውና፣ ሌሊት የሚጠፋ መብራት ቀን ከሚጠፋው ይከፋል።

ከላይ አየር ሞልቶ ሳለ ዓሣው ስለምን ይታፈናል? ኦክስጅን በረጋ ውኃ ውስጥ በሥርጭት የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። የላይኛው ስስ ሽፋን ይጠግባል፤ የታችኛው ይራባል። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት የውኃውን ገጽ ማናወጥና የታችኛውን ውኃ ወደ ላይ ማምጣት ነው። የአየር ፓምፕ አረፋም ጥቅሙ በዋናነት ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ምንም መሣሪያ የሌለው ሰው ክዳኑን ያንሣ፤ በንጹሕ ጆግ ውኃ እየቀዳ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ያፍስስ፤ በየሩብ ሰዓቱም ጥቂት ደቂቃ ይህንኑ ይድገመው። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ይሠራል።

ስለ ባትሪ አንድ ቀላል ስሌት ላክል። በአነስተኛ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በስሌት 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። 200 ዋት ማሞቂያ ይህን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። 3 ዋት የምትፈጅ የአየር ፓምፕ ግን በቀጥታ ከባትሪው የምትሠራ ከሆነች፣ ብክነቱን ቀንሰን እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ታድራለች። ባትሪውን ለማሞቂያው የሰጠሁት እኔ፣ የአንድ ሌሊት እስትንፋስ በግማሽ ሰዓት ሙቀት ለወጥኩ።

ሙቀቱስ? ውኃ ሙቀትን በቀላሉ አይለቅም። ከክፍሉ አየር በ7 ዲግሪ የሚሞቅ 200 ሊትር ውኃ በግምት በሰዓት ሲሶ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጎንና ጎኑን በብርድ ልብስ መጠቅለል መልካም ነው፤ የላይኛው ገጽ ግን ክፍት ይሁን። መቋረጡ ከረዘመ ፍል ውኃ በጠርሙስ አሽጎ ማንሳፈፍ ይቻላል፤ 70 ዲግሪ የሆነ ሁለት ሊትር ውኃ ገንዳውን ቢበዛ በግማሽ ዲግሪ ያሞቀዋል። ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጄኔሬተርም ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋ ለዓሣው ሳይሆን ለቤተሰቡ ነው። በጅቡቲ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሲቆም ውኃው ይሞቃል፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ ኦክስጅኑ እያነሰ የዓሣው ፍላጎት ይጨምራል።

መብራቱ ሲመለስም ጥንቃቄው አያበቃም። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ኦክስጅን ይሻሉ። ለሰዓታት ተዘግቶ በቆመ ማጣሪያ ውስጥ ይሞታሉ፤ ውኃውም ይመረዛል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ከማስነሣታችሁ በፊት ውስጡ የቆመውን ውኃ ድፉ፤ ማጣሪያውን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እጠቡ። ለአንድ ቀን ምግብ አትስጡ፤ አሞኒያውን ለኩ፤ ከፍ ካለ ከውኃው ከፊሉን ለውጡ። ከውኃው ገጽ በታች የሚቀመጥ የአየር ፓምፕም፣ ሲቆም ውኃ በቱቦው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ያስፈልገዋል። አለዚያ ገንዳው ወደ ወለሉ፣ ምናልባትም ወደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ይፈስሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በባትሪ የምትሠራ የአየር ፓምፕ፣ የተሞላ ባትሪና አንድ ጆግ ከገንዳው አጠገብ ይኑሩ። በዓመት ጥቂት ጊዜም፣ በቀን ብርሃን፣ ዝግጅቱን ሞክሩት።

በመጨረሻም፣ በገበያ ከሚሸጡት የባሕር ጌጥ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በእርባታ የተገኙ ሳይሆኑ ከባሕር የተጠመዱ ናቸው። በተፈጥሮ መኖሪያቸው ማዕበሉ ያለማቋረጥ አየር ያቀብላቸዋል። እኛ ከዚያ አውጥተን በመስታወት ስናስቀምጣቸው የማዕበሉን ሥራ ተረክበናል። ያን ሌሊት ክዳኑን ስገጥም የረሳሁት ይህን ነበር። ገንዳዬን ዛሬ መልሼ ሞልቼዋለሁ፤ ጆጉም ከአጠገቡ አይለይም።