ሠላሳ ሺህ ፓውንድ ይዛ የመጣችው ሴት

ፌሚኒዝም የሚባለውን ነገር ከስብሰባ ንግግር ይልቅ ከጥሩ ልብ ወለድ መማር ይሻላል ባይ ነኝ። ለዚህም ከሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» የተሻለ መጽሐፍ አላገኘሁም። መጽሐፉ በ1847 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲታተም ደራሲዋ ከረር ቤል በሚል፣ የወንድ ይሁን የሴት በማያስታውቅ የብዕር ስም ተደብቃ ነበር። ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ግጥሟን ልካ አስተያየት የጠየቀችው ታዋቂው ባለቅኔ ሮበርት ሳውዚ፣ ሥነ ጽሑፍ የሴት ልጅ የሕይወት ሥራ ሊሆን አይችልም ብሎ ጽፎላት ነበርና መደበቋ አያስፈርድባትም።

ላላነበባችሁ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጄን እናትም አባትም የሌላት፣ መልከ ቀና የማትባል፣ አንደበቷ ግን የማይታሰር ድሃ ልጅ ናት። በአንድ ትልቅ ቤት በዓመት 30 ፓውንድ የቤት ውስጥ አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች። የቤቱ ጌታ ሮቸስተር ይወዳታል። ሊጋቡ ቤተ ክርስቲያን ከቆሙ በኋላ ግን ሰውዬው ሚስት እንዳለው ይጋለጣል። ሚስትየዋ በርታ ሜሰን ትባላለች። አብዳለች ተብላ በዚያው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዐሥር ዓመት ተቆልፎባት ኖራለች። ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ትናከሳለች። ከገዛ አፏ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ደራሲዋ አታሰማንም።

በ1979 ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን፣ ሳንድራ ጊልበርትና ሱዛን ጉባር፣ የትልቁን መጽሐፋቸውን ርእስ ከዚህች ሴት ወሰዱ። በእነሱ አተረጓጎም በርታ የጄን የታፈነ ቁጣ ናት። ጄን በጨዋነት የዋጠችውን በርታ ታደርግላታለች። ጄን ያልወደደችውን ውድ የሙሽራ መሸፈኛ ሌሊት ገብታ የምትቀደው በርታ ናት። ብልህ አተረጓጎም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አንዲት ሰው የሌላዋ ንዴት ምሳሌ ብቻ ከሆነች፣ እሷ ራሷ ወዴት ሄደች?

እስቲ ገንዘቡን እንከተል። የሮቸስተር አባት ርስቱ እንዳይከፋፈል ሁሉንም ለታላቁ ልጅ ይሰጥና፣ ታናሹ ደግሞ ደኽይቶ እንዳያሳፍረው ሀብታም ሴት እንዲያገባ ጃማይካ ይልከዋል። በርታ የስፓኒሽ ታውን ባለጸጋ ልጅ ስትሆን 30 ሺህ ፓውንድ ይዛ መጣች። የጄን ደመወዝ 30 ፓውንድ እንደነበር አስታውሱ፤ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። በዘመኑ የጃማይካ ባለ ተክሎች ሀብት ደግሞ የስኳርና የባሪያ ጉልበት ፍሬ ነበር።

በጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ባልና ሚስት አንድ ሰው ነበሩ፤ ያ አንዱ ሰውም ባልየው ነበር። የተለየ የአደራ ውል ካልተዘጋጀላት በቀር የሚስት ገንዘብ በጋብቻው ቀን የባል ይሆናል። ይህ በከፊል የተሻሻለው በ1870፣ ከሥሩ የተለወጠው በ1882 ነው። (አገራችን ሴት በአባቷ ስም ተጠርታ የምትሞትበት፣ በሰማንያ ጋብቻ ንብረት ተጽፎ ፍቺ ሲመጣ የሚካፈሉበት ሥርዓት ያላት በመሆኗ፣ ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነው። በተግባር ሁልጊዜ አምሮ ነበር ለማለት ግን አይደለም።) እብደት ለፍቺ ምክንያት ሆኖ በእንግሊዝ ሕግ የገባው ገና በ1937 ነው። ስለዚህ ሮቸስተር ሚስቱን ሊፈታት አይችልም ነበር። ገንዘቧን ለመያዝ ግን ሕጉ አልከለከለውም።

ለበርታ አንደበት የሰጠቻት ዶሚኒካ ደሴት የተወለደችው ጂን ሪስ ናት። በ1966 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ሴትየዋ አንቷኔት ትባላለች፤ በርታ የሚለውን ስም ያወጣላት ባሏ ነው። በ1985 ደግሞ ካልካታ የተወለደችው ጋያትሪ ስፒቫክ ነገሩን አጠበቀችው። ጄን ነጻ ሴት ሆና እንድትወጣ የቅኝ ግዛቷ ሴት መቃጠል ነበረባት፤ ምዕራባውያኑ ፌሚኒስቶች ለጄን ሲያጨበጭቡ ይህን አላዩም ስትል ሞገተች። የሪስን መጽሐፍም አላለፈችውም። በዚያ ውስጥ ያለችው ጥቁሯ የማርቲኒክ ሴት ክሪስቶፊን፣ ከሁሉ የበሰለውን ነገር ከተናገረች በኋላ ከታሪኩ ተሸኝታ ትወጣለች።

ጄን ራሷ በመጨረሻ ባለጸጋ የምትሆነው ማዴይራ ከነበረ አጎቷ 20 ሺህ ፓውንድ ወርሳ ነው። ለአራት ከፍላ አምስት አምስት ሺህ ከዘመዶቿ ጋር ትካፈለዋለች፤ ደግ ልጅ ናት። አጎትየው ግን የወይን ጠጅ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን የዚያው የሜሰን ንግድ ቤት የማዴይራ ወኪል እንደነበር መጽሐፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። የሁለቱ ሴቶች ገንዘብ በአንድ የንግድ መስመር ላይ የተገናኘ ነው ማለት ነው። ቨርጂኒያ ዉልፍም በ1929 ሴት ለመጻፍ የራሷ ክፍልና በዓመት 500 ፓውንድ ያስፈልጋታል ስትል፣ ተራኪዋ ያንን ገንዘብ የወረሰችው ቦምቤይ ላይ ከፈረስ ወድቃ ከሞተች አክስቷ ነው። እንደ በርታ ገንዘብ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑ ነው።

እኔ በስደት ዓለም የምተዳደረው የታመሙ አረጋውያንን በቤታቸው በመጠበቅ ስለሆነ፣ መጽሐፉን ባነበብኩ ቁጥር ዐይኔ የሚያርፈው ግሬስ ፑል ላይ ነው። ግሬስ በርታን እንድትጠብቅ የተቀጠረች ሴት ናት። ጄን ለብዙ ምዕራፎች ያ የሚያስፈራ ሳቅ የእሷ እየመሰላት ትፈራታለች፤ የባለቤቶቹን ገመና የተሸከመች ሠራተኛ ዕጣዋ ይኸው ነው። ደመወዟ ግን ጥሩ ነው። ሊያ የምትባለው የቤት ሠራተኛ የእኔ ደመወዝ ከእሷ አንድ አምስተኛ አይሞላም ትላለች፤ ግሬስ በየሦስት ወሩ ባንክ እየሄደች እንደምታስቀምጥም ትናገራለች። ነገሩ ከተጋለጠ በኋላ ሮቸስተር በዓመት 200 ፓውንድ እሰጣታለሁ ይላል። ሥራው ከባድ ነው፤ ሌሊት የለውም። ስለዚህ ግሬስ ጂን ትጠጣለች።

አንድ ሌሊት ጠጥታ ስትተኛ በርታ ቁልፉን ከኪሷ ወስዳ ወጣች። ቤቱ ነደደ፤ በርታ ከጣሪያው ዘልላ ሞተች፤ ሮቸስተር ዐይኑን አጣ፤ ጄን ተመልሳ አገባችው። ግሬስ ከእሳቱ በኋላ የት እንደገባች መጽሐፉ አይነግረንም። ባንክ ያስቀመጠችው ገንዘብ ግን በስሟ ነበር።