ካናቢስን መያዝና በመኖሪያ ግቢ ማብቀል በኢትዮጵያ ሕግ

በተለምዶ ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የሚባለውን ካናቢስ አዋቂ ሰው ለራሱ ፍጆታ እንዲይዝ ወይም በጓሮው እንዲያበቅል የሚፈቅድ ሕግ በኢትዮጵያ የለም። ይህን በተለይ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻቸውን የሚያስተናግዱና ቤት የሚያከራዩ የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ሊያውቁት ይገባል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ሰዎች በቨርጂኒያ በአንድ ቤት እስከ 4፣ በሜሪላንድ ደግሞ እስከ 2 ተክል ማብቀል ይችላሉ። ይህ ፈቃድ ግን ከግዛቱ ወሰን አያልፍም፤ በኢትዮጵያም መከላከያ አይሆንም።

በሀገራችን በዚህ ጉዳይ የክልል ልዩነት የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(5) መሠረት የወንጀል ሕግን የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ክልሎች የወንጀል ሕግ ሊያወጡ የሚችሉት በፌዴራሉ ሕግ ባልተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ብቻ ነው። ስለሆነም በኮልፌ የተከለከለው በሻሸመኔም የተከለከለ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 525 ያለ ልዩ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ መትከልን፣ ማምረትን፣ ማከማቸትን፣ ወደ ሀገር ማስገባትን፣ መግዛትንና መሸጥን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራትና ከ100 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ያስቀጣል። ሕጉ ለግል ፍጆታ የተፈቀደ የግራም ወይም የችግኝ መጠን አላስቀመጠም። ስለዚህ አንድ ችግኝም ቢሆን «ለራሴ ነው» በሚል ምክንያት ሕጋዊ አይሆንም።

ሕጉን አለማወቅም በአንቀጽ 81 መሠረት ከተጠያቂነት አያድንም። በቅን ልቦና መብት አለኝ ብሎ ያመነና ለዚህም በቂ ምክንያት የነበረው ሰው ግን ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

የወንጀል ኃላፊነት ግላዊ በመሆኑ፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ በግቢው የተከለበት ባለቤት በባለቤትነቱ ብቻ አይቀጣም። ይሁን እንጂ እንዳወቀ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ማሳወቁ ራሱን ከጥርጣሬ ለመጠበቅ ይረዳዋል።

በዚህ ወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው። ከተከሰሰ በኋላም በጠበቃ የመወከል መብት አለው፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ባለጉዳዮች በአቅራቢያቸው የሚገኝ የፍትሕ ጽሕፈት ቤትን መጠየቅ ይችላሉ።