ለቤት ውስጥ ቢሮ ከቀለሙ በፊት መስኮቱ ይታይ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ የነጋዴው ሩጫ ይጀምራል። ደረሰኙን በፌስታል ቋጥሮ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ የሒሳብ አዋቂ በር የሚያንኳኳው ብዙ ነው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጅባት ወረዳ ባለችው ሸነን ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ በዋናው መንገድ ዳር ቢሮ የተከራዩ አይደሉም። ከመኖሪያ ቤታቸው አንዷን ክፍል ለይተው፣ ጠረጴዛና ኮምፒውተር አስገብተው የሚሠሩም አሉ። ጽሕፈትና ትርጉም የሚሠራው፣ የግንባታ ንድፍ የሚያወጣው፣ ልብስ ሰፊውም እንዲሁ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ደግሞ መምህሩም ተማሪውም ለጊዜው የቤት ሠራተኛ ጠረጴዛ ፈልገው ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛው ችግር ሥራው የሚበዛበት ወር ብርሃን የሚያንስበት ወር መሆኑ ነው። ሐምሌ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ሰማዩ የሚዳምንበት፣ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ የሚውልበት፣ መብራትም የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተጎንብሶ የደረሰኝ ቁጥር የሚያነብ ሰው ዓይኑ ይደክማል፤ 3ን 8 ብሎ ቢመዘግብ ደግሞ ስህተቱ የደንበኛውን ኪስ ይነካል። ስለዚህ የሥራ ክፍልን ማደስ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እንዲህ ያለችውን ክፍል ለማደስ የሚያስብ ሰው በአሁኑ ጊዜ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ ፌንግ ሹይ የተባለው የቻይናውያን ልማድ ነው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ከምክሩ ውስጥ የትኛው ለአምቦ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደማይሆን መለየት ያስፈልጋል።

ነፋስና ውሃ

ፌንግ ሹይ በቻይንኛ "ነፋስና ውሃ" ማለት ነው። ልማዱ የተነሣው ቤትና መቃብር የሚሠራበትን ቦታ ከመምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ276 እስከ 324 የኖረው ጉዎ ፑ ጻፈው የሚባለው "የመቃብር መጽሐፍ" የሕይወት ኃይል በነፋስ እንደሚበተንና ውሃ ዘንድ ሲደርስ እንደሚቆም ያስተምራል። ስለዚህ ተራራ ከኋላ፣ ውሃ ከፊት ያለው ቦታ ተመራጭ ሆነ። ልማዱ ዛሬም በንግዱ ዓለም ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በሆንግ ኮንግ የተከፈተው የዲዝኒላንድ መዝናኛ ዋና በሩን በ12 ዲግሪ ያዞረው በዚሁ ምክር ነው።

ዕድል ያመጣል፣ ሀብት ይስባል የሚለው ክፍል በሳይንስ የተረጋገጠ አይደለም። ይሁንና ብርሃን፣ አየር፣ የመቀመጫ አቅጣጫና ሥርዓት የሚሉት ምክሮቹ ማንኛውም ጥሩ አናጢ የሚያውቃቸው ናቸው። ለገዢው የሚጠቅመው እነዚህን ወስዶ የቀረውን ለባለቤቱ መተው ነው።

የደቡብ ምክር ለአምቦ አይሠራም

ከፌንግ ሹይ ምክሮች አንዱ ቤት ፊቱን ወደ ደቡብ ያድርግ የሚለው ነው። ለቻይና ይህ ትክክል ነው። ቤጂንግ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፤ ቀዝቃዛው የክረምት ነፋስም ከሰሜን ይመጣል።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው አምቦ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ናት። እዚህ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ትመለሳለች። ስለዚህ ክረምት ላይ፣ ሥራው በሚበዛበት በሐምሌ፣ ደመናው ገለጥ ሲል የቀትሩን ፀሐይ የሚያገኘው የሰሜን መስኮት ነው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ተራው የደቡቡ ነው። ምዕራብን የሚያይ መስኮት ግን ከሰዓት በኋላ ዝቅ ያለች ፀሐይ በቀጥታ ስለሚያስገባ ዓይን ይወጋል፤ መጋረጃ ያስፈልገዋል።

ከቤቱ ሁለት ክፍል መምረጥ የሚችል ሰው እንግዲህ የሰሜን ወይም የደቡብ መስኮት ያላትን ይምረጥ፤ የክረምት ሥራ የሚበዛበት ደግሞ የሰሜኗን። ምርጫ የሌለው ሰው ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ይመልከት። ብርሃኑን የጋረደው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም መስኮቱ ሥር የተከመረ ማገዶ ሊሆን ይችላል። ያንን ማንሣት ገንዘብ አይጠይቅም።

ጀርባ ለግድግዳ

ሁለተኛው ምክር የጠረጴዛ አቀማመጥ ነው። በፌንግ ሹይ ሠራተኛ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ፣ ግን ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ገለል ብሎ ይቀመጣል። ይህ ለሀገሬው እንግዳ አይደለም። በሀገር ቤት የክብር መቀመጫ ከበር ራቅ ያለ፣ ግድግዳ የተደገፈ፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚያሳይ ነው።

ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ አቀማመጥ ሌላም ጥቅም አለው። ጀርባውን ለበሩ የሰጠ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተው የአንዱ ነጋዴ ሒሳብ ለሚገባው ለሌላው ነጋዴ ይታይበታል። በሩን እያየ የተቀመጠ ግን የደንበኛውን ምስጢር ጠበቀ ማለት ነው።

መስኮቱ ከጎን ይሁን። ከፊት ከሆነ ብርሃኑ ዓይን ላይ ያርፋል፤ ከኋላ ከሆነ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ያንጸባርቃል። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው መስኮቱ በግራው ቢሆን የእጁ ጥላ ጽሑፉን አይሸፍንበትም፤ ግራኝ ከሆነ ተቃራኒው ነው።

አሮጌ ካርቶን፣ የተሰበረ ወንበርና የማይሠራ ቴሌቪዥን ከክፍሏ መውጣት አለባቸው። ፌንግ ሹይ ዕቃ ከተከማቸ ኃይሉ ይታገዳል ይላል። በተግባር የሚታገደው አየርና ብርሃኑ ነው፤ የሚፈለገው ደረሰኝም አይገኝም።

አምስቱ ቀለሞችና ኖራ

ፌንግ ሹይ ቀለሞችን ከአምስት ነገሮች ጋር ያዛምዳል። አረንጓዴ የእንጨት፣ ቀይ የእሳት፣ ቢጫ የመሬት፣ ነጭ የብረት፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የውሃ ናቸው። ቀይ ያነቃቃል፣ ሰማያዊ ያረጋጋል የሚለው አባባል ግን በጥናት ሲፈተሽ ውጤቱ አንድ ወጥ ሆኖ አልተገኘም።

በእርግጠኝነት የሚታወቀው ቀለም ብርሃንን ምን እንደሚያደርገው ነው። ንጹሕ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ጥቁር ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ የሚመልሰው ከ20 በመቶ በታች ነው። አንድ መስኮት ላላት ክፍል ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የአምቦ ድንጋይ ለሕንፃ ውበት ስሙ የታወቀ ቢሆንም፣ ሳይለሰን የተተወ የድንጋይ ግድግዳ በትንሽ ክፍል ውስጥ ብርሃን ይውጣል።

ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ከኮርኒሱ ይጀምር። ነጭ ኮርኒስ ከመስኮት የገባውን ብርሃን ወደ ጠረጴዛው ይመልሳል። ከዚያ ግድግዳው ይከተላል። አየሩ ቀዝቀዝ ለሚልባቸው ደጋማ ከተሞች ፈዛዛ ክሬም ወይም ፈዛዛ ቢጫ ሞቅ ያለ መልክ ሲሰጥ ብርሃኑንም ብዙ አይቀንስም። ቀዩና አረንጓዴው በመጋረጃ፣ በወንበር ልብስ ወይም በአበባ ማሰሮ ይግቡ፤ ካላማሩ መለወጥ ይቻላል።

የቀለሙ ዓይነት እንደ ግድግዳው ነው። በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራ ቤት እርጥበቱን የሚያስወጣ ቅብ ይፈልጋል፤ ለዚህ ኖራ ርካሽና ተስማሚ ነው። የዘይት ቀለም በጭቃ ግድግዳ ላይ እርጥበቱን አፍኖ ኋላ ይላጣል። ኖራ ልብስ ላይ ይራገፋል ለሚል ከወንበሩ ጀርባ ሰሌን መስቀል ይበቃል። በሚቀባበት ጊዜ ግን ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጥንቃቄ ያሻዋል። በሲሚንቶ ለተለሰነ ግድግዳ የውሃ ቀለም ይሆናል። የሚያንጸባርቀውን ሳይሆን ደብዘዝ ያለውን መምረጥ የኮምፒውተር ሠራተኛን ዓይን ያሳርፋል።

ስንት ሊትር ይበቃል?

ወደ ቀለም መደብር ከመሄድ በፊት ክፍሏን መለካት ከአጉል ወጪ ያድናል። ለምሳሌ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ብትኖር፣ የአራቱ ግድግዳዎች ስፋት 35 ካሬ ሜትር ነው። ለበርና ለመስኮት 3 ካሬ ሜትር ሲቀነስ 32 ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 64 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ ለግድግዳው 6 ሊትር ተኩል ያህል ይበቃል። 12 ካሬ ሜትር የሆነው ኮርኒስ ደግሞ ለሁለት ቅብ 2 ሊትር ተኩል ይፈልጋል። በድምሩ 9 ሊትር ነው።

አዲስና ሻካራ ግድግዳ የበለጠ ስለሚጠጣ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ዋጋ ሲጠየቅ በጋሎን ሳይሆን በሊትር ማወዳደር ይበጃል። የሁሉም ጣሳ መጠን እኩል ስላልሆነ ርካሽ የመሰለው በሊትር ሲሰላ ውድ ሊሆን ይችላል።

መቼ ይቀባ?

ብዙ ቤተሰብ ቤቱን የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው። ለግድግዳው ግን ነሐሴና ጳጉሜን ጥሩ ጊዜ አይደሉም። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም በጥቂት ወራት ውስጥ ያብጣል፤ ይላጣልም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ግድግዳው ደርቆ፣ ቀለሙም ቶሎ ይዞ የሚቆይበት ነው። ሐምሌ ሳይደርስም ሥራው ያልቃል።

ውሃ በፌንግ ሹይ የሀብት ምልክት ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግን ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ደረሰኝ የሚያበላሽ፣ ኮምፒውተር የሚያቃጥል ጠላት ነው። ስለዚህ የወጪው ቅደም ተከተል ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ይደፈን። ቀጥሎ ጠረጴዛው ይዞር፤ ይህ ወጪ የለውም። ከዚያ ኮርኒስና ግድግዳ ይንጡ። አራተኛው ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ የኤልኢዲ መብራት ነው፤ 9 ዋት የሆነው የድሮውን 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል፤ በባትሪ የሚሠራው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሥራ አያስቆምም።

የዕድል ደወልና የጠረጴዛ ላይ ፏፏቴ የሚገዛው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ነው። ለክፍሏ የቀረው መንፈስ ማደሻ ከቤት አይጠፋም። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ቄጤማው እስከ ሥራ ክፍሏ ደጃፍ ቢጎዘጎዝ፣ መስኮቱም ተከፍቶ የሳምንቱ አየር ቢወጣ፣ ሰኞ የሚመጣው ደንበኛ የሚገባው ንጹሕና ብሩህ ክፍል ውስጥ ነው።