ከስኒ እስከ ጽዋ፦ የማንጆ ጥያቄና የካፋ አብያተ ክርስቲያናት

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በካፋ፣ ቡና ለብቻ አይጠጣም። ጎረቤት ይጠራል፣ ስኒው እየታጠበ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ከካፋ የተገለሉ ወገኖች አንዱ ከሆነው ከማንጆ ለተወለደ ሰው ግን በብዙ ቤት ይህ ስኒ ሳይቀዳለት ትውልድ አልፏል። እንጨት ወይም ከሰል ተሸክማ ወደ ካፋዋ ከተማ ወደ ቦንጋ ገበያ የወረደች ማንጆ ሴት ዋጋዋን ትቀበል የነበረው ከገዢዋ አጥር ውጭ ቆማ ነው። የሚቀመስ ነገር ከተሰጣትም በእንሰት ቅጠል ላይ ይደረግላት ነበር። ቅጠል ተበልቶበት ይጣላል፤ ሳህን ግን ታጥቦ ወደ ቤት መመለሱ አይቀርም። ቅጠሉ የተመረጠው ለዚህ ነው።

ማንጆዎች ከሌላ አገር የመጡ እንግዶች አይደሉም። እንደ ጎረቤቶቻቸው ካፊ ኖኖ ይናገራሉ፣ የሚኖሩትም በዚያው ደን ዳር ነው። በካፋ ንጉሥ ዘመን አዳኞች ነበሩ፤ የመንግሥቱን የድንበር በሮችም ይጠብቁ ነበር። አገር በእጃቸው ተጠብቆ፣ እነርሱ ግን ጎማሮ ከሚባለው አብዛኛው የካፋ ሕዝብ ጋር መጋባትም ሆነ አብሮ መብላት አይፈቀድላቸውም ነበር። መንገድ ላይ ጎማሮ ሲያጋጥማቸው ወደ ዳር ወጥተው አጎንብሰው ያሳልፉት ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ ማኖዎችና ብረት ቀጥቃጮቹ ቀሞዎችም ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር፤ የማንጆዎች ዕጣ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር።

ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ጉሬዛ፣ ከርከሮና ጃርት ይበላሉ ይባላል። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይደለም። የጣና ወይጦዎች ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ተገልለዋል። የጉራጌ ፉጋዎችም ሆኑ በሰሜኑ ቡዳ የሚባሉት ጠይቦች ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። ይሁን እንጂ የምግቡ ምክንያት ሲፈተሽ አይቆምም። እነዚህን እንስሳት መብላት ትቶ እንደ ጎረቤቱ የሚያርስና የሚመገብ ማንጆም ስኒው አልዞረለትም። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ መገለሉም አብሮት ይወርዳል። ለዚህ ነው ጉዳዩን የአመጋገብ ልማድ ብሎ ማለፍ ስህተት ነው የምለው። ሰውን በትውልዱ መለየት ነው።

መንግሥታት ሲቀያየሩ ጥያቄው አልተፈታም። በ1897 እ.ኤ.አ. የአፄ ምኒልክ አዛዥ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ሲማርክ መንግሥቱ ወደቀ፤ የደረጃው ሥርዓት ግን ቀጠለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ማንጆዎችን የመሬት ተጠቃሚና የገበሬ ማኅበር አባል አደረጋቸው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፣ ሊናቅ አይገባም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ማንም ሰው በዘሩ ወይም በትውልዱ ልዩነት እንዳይደረግበት ደነገገ። ዛሬ ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። አዋጅ ግን መሬት ይሰጣል እንጂ ማዕድ ላይ አያስቀምጥም፤ ማዕዱ ያለው በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ነው።

ክርስትና በካፋ የቆየ ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በዚያ ምድር ከምኒልክ ዘመን ቀድሞ ሥር ነበራት። ካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ በ1859 እ.ኤ.አ. ገብቶ በ1861 ተባርሯል። ዛሬ ካቶሊኮች የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አላቸው፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በየወረዳው አሉ። ሁሉም ማንጆዎችን አጥምቀዋል። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሳዩሪ ዮሺዳ ማንጆዎች ለምን ፕሮቴስታንት እንደሆኑ ያጠናች ሲሆን፣ ከሃይማኖት ለውጡ ጀርባ እኩል ሆኖ የመቆጠር ፍላጎት እንዳለ አሳይታለች። ማንጆ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ግን ጎማሮው የሚሸሽበት ወይም ሁለቱ ለየብቻ የሚያመልኩበት ሁኔታ በጥናቶች ተመዝግቧል።

እንግዲህ ለአማኝ ከዚህ የከበደ ነገር የለም። ቁርባን አንድ ጽዋ ነው። በሐዋርያት ሥራ ጴጥሮስ ከሰማይ የወረደ ጨርቅ ያያል፤ በላዩ ርኩስ የሚላቸው እንስሳት ሞልተውበታል፣ እንዲበላም ይታዘዛል። የራእዩ ትርጉም የገባው ግን ወደ አሕዛቡ መቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ሲሄድ ነው። እንስሳው ስለ ሰው መናገሪያ ነበር። ለካፋ ጥያቄ ከዚህ የቀረበ ምዕራፍ አላውቅም፤ ማንኛውም የነገረ መለኮት ተማሪም አንብቦታል።

የመንፈሳዊ ኮሌጆች ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጆች በራቸው ለማንኛውም ብሔር ክፍት መሆኑን ሲናገሩ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ እንመልከት። በቀድሞው የአብነት ትምህርት ልጁ ቆሎ ተማሪ ሆኖ ከቤት ቤት እየዞረ በቁራሽ እንጀራ ይማራል። ከአጥር ውስጥ የማይገባ ልጅ ቁራሽ ከማን ይለምናል? በዘመናዊው መንገድም ቢሆን ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ወይም ወደ ዘርዐ ክህነት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ አጥቢያው ሲመሰክርለትና ሲልከው ነው። መራጩ የገዛ ጎረቤቱ ነው።

ስለዚህ የማካተት ቃል ኪዳን የሚመዘነው በኮሌጁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጽሑፍ አይመስለኝም። ኮሌጁ ከየአጥቢያው ማን እንደተላከ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልተላከም መጠየቅ አለበት። ከተገለሉ ወገኖች የመጡትን ራሱ ወጥቶ መፈለግ፣ ያለፋቸውን የትምህርት ጊዜ በመሰናዶ ማካካስ፣ መኝታቸውንና ማዕዳቸውን ከሌሎቹ ጋር አንድ ማድረግ ይገባዋል። የጎማሮ ልጅ ሦስትና አራት ዓመት ከማንጆ ልጅ ጋር ከአንድ ትሪ ከበላ፣ ቄስ ወይም ወንጌላዊ ሆኖ ወደ ካፋ ሲመለስ ስኒ ማዞር አይከብደውም።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተመረቀው ማንጆ አገልጋይ ወዴት ይመደባል? ወደ ማንጆዎች አጥቢያ ብቻ ከሆነ ኮሌጁ ለተለየ ወገን የተለየ አስተማሪ አፍርቷል ማለት ነው። ጎማሮዎች ወደሚበዙበት ደብር ተመድቦ ልጆቻቸውን ያጠምቅ፣ ሙታናቸውን ይቅበር፣ ጽዋውንም በእጁ ያቀብል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያን የምደባ ደብዳቤ ስትፈርም ጎማሮው ምእመን በመጀመሪያው እሑድ ለመቁረብ መቅረቡን ወይም ከበሩ መመለሱን አይተን እንነጋገራለን።